ለካፖርት የሚራራው ማሽን

እኔ በምኖርበት ከተማ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንደምን አደርክ» አይባባልም። «ውሃ ነካህ?» ይባላል። መልሱ «አልነካኝም» ነው። ሌላ መልስ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ሕፃን አፉን ሲፈታ እናቱን ከመጥራት ቀጥሎ የሚማረው ይህንኑ ነው።

ምክንያት አለው። ከተማችን ከተራራ ሥር ናት። ዝናቧ ቀዝቃዛ ነው፤ ከጀመረ ለማቆም አይቸኩልም። ከከተማው በላይ አፋፍ አለ። አፋፉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ከአፋፉ ማዶ ምን እንዳለ የተነገረው ሰው የለም። ካልተጠበቀ ይመጣል ይባላል። እስካሁን ስለተጠበቀ አልመጣም። እኔም ጉልበቴ ሳይዝል ደጋግሜ ወጥቻለሁ። ያየሁት ጉም ነው።

ዘበኛ ሆኖ የወጣ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ጨረቃ እስክትታደስ እዚያው ይቆያል። እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ማዶ ያለው ያያል። ጎጆው ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፤ አራተኛው ለመጠበቅ እንዲመች ክፍት ተትቷል። ዘበኛው ንጋት ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ከተማው በዚያ ይነቃል። ጥሩምባው ከተሰማ ዘበኛው አለ ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ሰውን የሚያኖረው ካፖርቱ ነው። ካፖርታችን ወፍራም ነው፤ በሰምና በሞራ የታሸ። ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። አይታጠብም። ሲቆሽሽ ይራገፋል፤ ሲብስበት በብሩሽ ይፈገፈጋል። ዝናብ ሲያርፍበት ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል። ይሸታል። እኛ ግን ሁላችንም አንድ ዓይነት ስለምንሸት ሽታ አለ ብለን አናውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከዋናው ከተማ አንድ ትልቅ ሰው በመኪና መጣ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ። መልሶ ዘጋው። ሳይወርድ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ ደረሰን። ከተማው ይሸታል፣ ካፖርት ሁሉ ይታጠብ። ነገር ግን አፋፉ የሚጠበቀው በካፖርት ስለሆነ፣ ካፖርቱ እንዳይጎዳ ለውጭ ልብስ የሚራራ ማጠቢያ ማሽን ተመርጦ ይገዛ። ይህን የሚያስፈጽም የገርነት ሹም የሚባል ሰውም ተላከልን። ከዚያ በፊት ገርነት ሹም አልነበረውም።

ሹሙ ቀጭን ሰው ነው። ድምፁ በጣም ለስላሳ ስለሆነ እሱን ለመስማት ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የቆየ ሰው ሲወጣ ደረቱን ያመዋል።

መራጮች ሦስት ሆንን። ሳሙና የሚያበስለው ጓደኛዬ ቢሻው፣ ካፖርት የምትሰፋው ጎረቤቴ አትክልት፣ እና እኔ። ቢሻው ሳሙና ስለሚያውቅ፣ አትክልት ስፌት ስለምታውቅ ተመረጡ። እኔ የተመረጥኩት ዝም ስለምል ነው አሉኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ማሽኖች ተደርድረው ጠበቁን። አንደኛው ከላይ የሚከፈት ነው፤ መሀሉ ላይ ምሰሶ ቆሟል፣ ሲሠራ ምሰሶው ግራና ቀኝ ይጠማዘዛል። ሁለተኛው ከፊቱ ክብ መስኮት አለው፤ ውስጡ ያለው በርሜል ልብሱን ወደ ላይ አንሥቶ ይለቀዋል፣ ደግሞ ያነሣዋል። ሦስተኛው መስኮት የለውም። ነጭ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ መጋጠሚያው አይታይም።

«ካፖርት እናስገባበት?» አልኩ።

«ካፖርት የአፋፉ ንብረት ነው» አለ ሹሙ። «ሊጎዳው እንደሚችል ያልታወቀ ነገር ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም።»

«ታዲያ በምን እንሞክረው?»

ከደረት ኪሱ መሀረብ አወጣ። ንጹሕ ነው። ጥጉ ላይ ትንሽ ሰማያዊ አበባ ተጠልፋበታለች።

መጀመሪያ ምሰሶ ያለው ውስጥ ገባ። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ተንጓጓ። መሀረቡ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ወጣ። አትክልት ዘርግታ አቃናችው። ቀጥሎ ባለመስኮቱ ውስጥ ገባ። ማሽኑ አጉረመረመ፤ እያነከሰ ወለሉ ላይ ትንሽ ተራመደ። በመስኮቱ መሀረቡ ሲወጣና ሲወርድ ይታየን ነበር። ርሶ ወጣ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። በመጨረሻ መስኮት የሌለው ውስጥ ገባ። ምንም አልተሰማም። እየሠራ መሆኑን ያወቅነው ሹሙ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ስላደረገ ነው። ክዳኑ ሲከፈት መሀረቡ ደርቆ፣ ታጥፎ ተቀምጧል።

እኔ ዓይኔ ነገር ይይዛል። የዘበኛ ዓይን ነው።

«አበባዋ የት ሄደች?» አልኩ።

«የትኛዋ አበባ?»

«ጥጉ ላይ የነበረችው።»

ሹሙ ረጋ ብሎ አየኝ። «አባቴ፣ ንጹሕ መሀረብ ላይ አበባ ምን ይሠራል?»

ቢሻውን አየሁት። ቢሻው ጫማውን ያያል።

ሹሙ እንዲህ ሲል አስረዳን። «ሻካራ ሰው ይጮሃል። ገር ሰው ዝም ይላል። ይሄኛው ጮኸ። ያኛው አጉረመረመ። ይህ ግን ሥራውን ሠርቶ ድምፁ አልተሰማም። እንግዲህ መራጮቹ እናንተ ናችሁ፤ እኔ ጣልቃ አልገባም።»

ስለ ባለመስኮቱ ሲጠይቅ እጄን አነሣሁ። ስለ ነጩ ሲጠይቅ ቢሻውና አትክልት አነሡ።

«ሦስት እጅ» አለ ሹሙ። «በአንድ ድምፅ አልፏል።»

«የእኔ እጅ ለባለመስኮቱ ነው» አልኩ።

«እጅዎ ተነሥቶ አልነበረም?»

«ተነሥቶ ነበር።»

«ይኸው እኮ!» አለና ትከሻዬን ዳሰሰኝ። እጁ ይቀዘቅዛል።

ስንወጣ ቢሻውን ያዝኩት። «አንተ ሰውዬ፣ መሀረቡን አላየኸውም?»

«ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ገብቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ ጀምሮ» አለኝና ወደ ቤቱ አቀና።

እጥበቱ ተጀመረ። ሰው በየሰፈሩ እየተሰለፈ ካፖርቱን ሰጠ። የታጠበ ካፖርት እንዲለይ አትክልት አንገትጌው ላይ አረንጓዴ ክር እንድትሰፋ ታዘዘች። ሕግም ወጣ። ካፖርቱን ያላሳጠበ ሰው ቆሻሻ ደብቋል ይባላል፤ ካፖርቱ ይወሰድበታል። ካፖርት የሌለው ሰው ደግሞ ከተማ ውስጥ ሥራ የለውምና ወደ አፋፉ ይላካል። የመራጮች ካፖርት በመጨረሻ ይታጠብ ተባለ። ቀድመው ተጠቀሙ እንዳንባል ነው።

ካፖርቶቹ ሲመለሱ ከተማው ደስ አለው። ይህን መደበቅ አልችልም። ሽታቸው ጥሩ ነበር። ቀለል ብለዋል። ሰው መንገድ ላይ ትከሻውን እያንቀሳቀሰ ይሄዳል። ውሾቻችን አላወቁንም፤ ጮኹብን። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ስንዱ ትባላለች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ነን። ካፖርቷን ለብሳ ቤት ውስጥ ዞረችልኝ።

«አባባ፣ የለበስኩ አይመስለኝም እኮ» አለችኝ።

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እጅጌዋን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ልክ እንደ ሌላ ጨርቅ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ የወረደው በገበያ ቀን ነው። እኔ ባልታጠበው ካፖርቴ አንድ ጥግ ቆሜ አያለሁ። ውሃው ከሰው ትከሻ ላይ አልተንከባለለም። ገባ። መጀመሪያ ትከሻው ጠቆረ፤ ቀጥሎ ጀርባው፤ ቀጥሎ ሁሉም ነገር። ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ማንም ወደ ላይ አላየም። ወደ ራሱ ያየም አልነበረም። ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ደንበኛዋን «ውሃ ነካህ?» አለችው። ከእጅጌው የሚወርደው ውሃ ሽንኩርቷን እያጠበ «አልነካኝም፤ አንቺስ?» አላት። «እኔንም አልነካኝም» አለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

ገበያው እንደ ወትሮው ዋለ።

ከተማችን መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ኬላው ላይ ጠያቂ የሚባል ሰው ይቆማል። ሥራው የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ «ውሃ ነካህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ድሮ የወግ ሥራ ነበር፤ ሰውዬው አብዛኛውን ጊዜ ያንቀላፋ ነበር። ከእጥበቱ በኋላ ግን ከተማ ውስጥ እየዞረ እንዲጠይቅ ታዘዘ። የእሱም ካፖርት ታጥቧል። ሲራመድ ጫማው ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ ከሩቅ ይሰማል። በዚያ ድምፅ መምጣቱን አውቀን መልሳችንን እናዘጋጃለን።

አንዲት ሴት ሹሙ ባለበት ሳል ያዛት።

«ምን ነካሽ?» አላት ሹሙ በዚያ በለስላሳ ድምፁ።

«አቧራ ነው፣ ጌታዬ» አለች።

ዝናቡ ያን ጊዜ ጆሮ ይደፍን ነበር። ሹሙ «አይዞሽ» ብሏት አለፈ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ሳል ሲመጣባት ወደ ጓሮ ሮጣ ፊቷን በነጠላዋ ታፍናለች።

በዚያ ጨረቃ አፋፉ ላይ የወጣው የቢሻው ልጅ ደመላሽ ነበር። ጠንካራ ወጣት ነው፤ የሳሙና በርሜል ብቻውን ያነሣ ነበር። አንድ ጠዋት ጥሩምባው አልተሰማም። ከተማው አልጋ ላይ እንዳለ ጠበቀ። አሁንም አልተሰማም።

ልጁን ካወረዱት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ጎጆው ውስጥ በሸሚዙ ተቀምጦ አገኘነው። ካፖርቱን አውልቆ፣ አጥፎ፣ አጠገቡ አስቀምጦታል። ፊቱ ሰላማዊ ነው።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ አንድ ዘበኛ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። የረጠበ ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ መንቀጥቀጡን ያቆማል። መጨረሻ ላይ ይሞቀዋል፤ በጋ የገባ ይመስለዋል፤ ልብሱን ያወልቃል። ከዚያ በኋላ አይነሣም።

ሹሙ ግን ውሳኔውን በአደባባይ ተናገረ። «ልጁ ካፖርቱን በገዛ እጁ አውልቋል። ያልለበሰውን ሰው ካፖርት እንዴት ያድነዋል? ስለዚህ ካፖርቱ ጥፋት የለበትም። ካፖርቱ ጥፋት ከሌለበት ማሽኑም ጥፋት የለበትም። ማሽኑ ጥፋት ከሌለበት መራጮቹም ነጻ ናቸው።» ወደ ቢሻው ዞረ። «እንኳን ደስ ያለዎት።»

ቢሻው አመሰገነ።

ለቅሶ ቤት የኬላው ጠያቂ መጣ። ጫማው እየተንቦጫረቀ በድንኳኑ ውስጥ አለፈና ቢሻው ፊት ቆመ። ቢሻው ፊቱ እስከ አገጩ በእንባ ርሷል።

«ውሃ ነካዎ?» አለው።

«አልነካኝም» አለ ቢሻው።

ተራው በቤት ነው የሚሄደው። ከቢሻው ቤት ቀጥሎ የእኔ ቤት ነው። እኔ ካረጀሁ ተረኛዋ ስንዱ ናት።

እንድትወጣ ትእዛዝ በመጣ ዕለት የስንዱን ካፖርት ከግድግዳው ላይ ሰቀልኩና አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃው በወንፊት እንዳለፈ ሁሉ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አለ። ቀጥሎ በራሴ ካፖርት ላይ አፈሰስኩ። ዶቃ ዶቃ ሆኖ ተንከባለለ።

ስንዱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ለውጭ ልብስ የሚራራ ነው የመረጣችሁልን አሉ» አለች። «የራራውስ ለውሃው ነው። ውጭ እንዳይቀር አስገባው።»

«ቀስ በይ።»

«ማን ይሰማኛል?»

«ቀስ በይ አልኩ።»

ቀጥላ በሌላ ድምፅ «ደመላሽ ተንቀጥቅጦ ነበር ወይስ ወዲያው ነው?» አለችኝ።

«ወዲያው ነው» አልኳት።

«ስትዋሽ ጢምህን ትይዛለህ።»

እጄን ከጢሜ አወረድኩ። «የእኔን ትለብሻለሽ» አልኩ። «እኔ ያንቺን።»

«አንተስ?»

«እኔ ቤት ነኝ።»

«ኬላው ላይ ቆመህ መሸኘት አለብህ። እስክሰወር ድረስ ወደ ቤት አይገባም።»

«እሱ አንድ ጠዋት ነው።»

«ቢያውቁብንስ?»

ቢያውቁብን የሚሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። የእኔ ካፖርት ይወሰዳል፤ እሷ በሸሚዝ ትወጣለች።

የቢሻውና የአትክልት ካፖርት ታጥቦ የእኔ ተራ ገና ነበር። ካፖርቴ በዕድሜ የነጣ ነው፤ ቀለሙ ከታጠቡት አይለይም። የጎደሉት ክሩና ሽታው ናቸው። መጀመሪያ ወደ አትክልት ሄድኩ። በቀን ብርሃን፣ እንደ ሌላው ደንበኛ፣ ካፖርቴን ክንዴ ላይ አድርጌ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች።

«ውሃ ነካህ፣ ጋሽ አበጋዝ?» አለችኝ።

«አልነካኝም። የስንዱ ካፖርት ክሩ ወልቆ ነው።»

ካፖርቱን ተቀበለችኝ። በጣቷ አሻሸችው። ሠላሳ ዓመት ካፖርት የሰፋ እጅ ምን እንደያዘ ወዲያው ያውቃል። ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ መንገዱን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«የስንዱ ነው?»

«የስንዱ ነው።»

«ከፍ ብላለች ማለት ነው» አለች። «እጅጌው ረዝሟል።»

አረንጓዴ ክር ምራቋን አስነክታ መርፌዋ ውስጥ አስገባች። ስትሰፋ ሁለቴ ጣቷን ወጋች። ስትጨርስ «ያን ቀን እጄን ያነሣሁት ስለፈራሁ ነው» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለክሩ እንደምትናገር ሁሉ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ቢሻው ዘንድ ስደርስ ከበርሜሉ አጠገብ ተቀምጧል። እሳቱ ጠፍቷል። ምን እንደምፈልግ አልነገርኩትም። ክንዴ ላይ ያለውን ካፖርት አየ፤ ተነሥቶ አሸተተው። ወደ ውስጥ ገብቶ አራት ማዕዘን ሆነው የተቆረጡ ሁለት ሳሙናዎች አመጣ። አንዱን ግራ ኪስ፣ አንዱን ቀኝ ኪስ ከተተው።

«ዓይንህ ተሻለህ?» አልኩት።

«ተሻለኝ» አለ። «ምነው ባልተሻለኝ።»

የመሸኛው ጠዋት ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ይወርዳል። ባገራችን ደንብ ዘበኛ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ ኬላው ላይ ይቆማል። ከደመላሽ በኋላ ሹሙም መጣ፤ ጃንጥላ የሚይዝለት ሰው ነበረው። እኔ የስንዱን ካፖርት ለብሻለሁ። ሰልፉ ጋ ሳልደርስ ውሃው በአንገትጌው ገብቶ ነበር። በአከርካሪዬ ላይ ቀስ ብሎ እንደ ጣት ወረደ።

ጠያቂው በየተራ እየጠየቀ መጣ። ሁሉም አልነካኝም አሉ። ስንዱ ፊት ደረሰ።

«ውሃ ነካሽ?»

«አልነካኝም» አለች።

ከዚያ ሰልፍ ውስጥ እውነት የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች። ያስፈራኝም ይኸው ነው። ሁላችንም ጠቁረን፣ ተጣብቆብን ቆመናል። እሷ ትከሻ ላይ ግን ውሃው ዶቃ ዶቃ ሆኖ እየተንከባለለ ይወድቃል። ይህን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ክሩን አሰብኩ፤ ሽታውን አሰብኩ፤ ዝናቡን ረሳሁ።

ሹሙ አየ።

«ጠጋ በይ» አላት።

ተጠጋች። ጣቱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። አንዲት ጠብታ ተንከባላ ጥፍሩ ላይ ቆመች። እስክትወድቅ ድረስ ተመለከታት። አንገትጌዋን ገለጠ፤ አረንጓዴው ክር አለ። አሸተተ።

«እዩ!» አለ ሹሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «ገርነት ማለት ይህ ነው! ታጥቧል፤ ውሃም አይነካውም። ይህ ካፖርት ወደ ዋናው ከተማ ይሄዳል። ለትልልቆቹ ይታያል። ለልጅቷ ሌላ ስጧት፤ ያው ሁሉም አንድ ነው።»

ጠያቂው የስንዱን ቁልፍ ለመፍታት እጁን ዘረጋ። ስንዱ ወደ እኔ አላየችም። ካየችኝ እንደምታጋልጠኝ ታውቃለች።

ሹም ፊት ሳልጠራ ቀርቤ አላውቅም። እግሬ ቀደመኝ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «የእሷ ብቻ አይደለም። የእኔም እንዲሁ ነው።»

ዞሮ አየኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከሁለቱም እጅጌዎቼ ውሃ ይንጠባጠባል፤ በጠያቂው ጫማ ላይ ያርፋል።

«ውሃ ነካዎ?» አለኝ ሹሙ።

እጄ ወደ ጢሜ ሊሄድ ሲል ያዝኩት።

«አልነካኝም።»

ከኋላዬ ቢሻው ሳይጠየቅ «እኔንም አልነካኝም» አለ። አትክልት «እኔንም» አለች። ሽንኩርት ሻጯ «እኔንም፣ ጌታዬ» አለች። ያቺ ሳል የያዛት ሴት እየሳለች «እኔንም» አለች። ሰልፉ በሙሉ አለ። ያ ቃል ለዓመታት ከአፋችን ሲወጣ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ሆኖ ሲወጣ የሰማሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ሹሙ ተቸገረ። ሁላችንም ደረቅ ከሆንን የስንዱ ካፖርት ልዩ አይደለም። የእሷ ልዩ ነው ካለ ደግሞ የሌሎቻችን ረጥቧል ማለቱ ነው። አሰበ። ፈገግ አለ።

«እንግዲያው ወደ ዋናው ከተማ የመራጩ ካፖርት ቢሄድ ይበልጥ ያምራል» አለ። «የእርስዎን ያውልቁ።»

አወለቅኩ። ጠያቂው ሲቀበለኝ ክብደቱ ሁለት እጁን ወደ ታች ጎተተው። የያዘውን አየ፤ እኔን አየ። አፉ ተከፈተ፤ ተዘጋ።

«ይከብዳል» አለ ሹሙ። «ጥሩ ጨርቅ ነው።»

ስንዱ አለፈች። ዘበኛ ወደ ኋላ አያይም። የእኔን ካፖርት ለብሳ፣ እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኖ፣ ውሃው ከጀርባዋ እየተንከባለለ፣ ጉሙ ውስጥ ገባች። እስክትሰወር ድረስ በሸሚዝ ቆምኩ።

ሹሙ ሊሄድ ሲል ከጃንጥላው ሥር ጎንበስ አለና «አባቴ፣ እንግዲህ ካፖርት የለዎትም» አለኝ። «ሕጉን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ጨረቃ ስትታደስ ተራው የእርስዎ ነው።» ትከሻዬን ዳሰሰኝ። «አይዞዎት።»

ይህን አስቤበታለሁ። ተረኛ የሚቀያየረው እዚያ ላይ ነው፤ ኬላው ላይ አይደለም። እሷ ስትወርድ እኔ እወጣለሁ። ጎጆው ውስጥ ካፖርቱን አውልቃ ታለብሰኛለች። ማሽኑ ካላገኘው፣ ዕድሜዬም ከፈቀደ። ከዚያ ወዲያ እሷ ካፖርት ሳይኖራት ከታች እንዴት እንደምትሆን አላውቅም። እስከዚያ አልደረስኩበትም። ነጩ ማሽን ሌላ መንትያ ሊመጣለት ነው እየተባለ ይወራል።

በማግስቱ ንጋት ላይ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ትኩሳት ይዞኛል። ጉሙ እስከ ጣሪያው ወርዷል። መንገዱ ላይ ሰው አለ፤ ግን የሚሄድ የለም። አንዱ የጫማውን ማሰሪያ ያስራል። አትክልት መርፌ የወደቀባት ይመስል መሬት መሬት ታያለች። ቢሻው ባዶ ባልዲ ይዞ ቆሟል።

ጥሩምባው ተነፋ።

አጭር ነው፤ ትንሽ ይሰነጠቃል። ስንዱ ከልጅነቷም ጀምሮ መንፋት አትችልበትም። ሰዉ ጫማውን አስሮ፣ ባልዲውን አንሥቶ መሄድ ጀመረ።

ከመንገዱ ጫፍ የመንቦጫረቅ ድምፅ መጣ። ጠያቂው ነው። ፊቴ ቆመ።

«ውሃ ነካዎ?» አለኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ከአፌ ግን አልወጣም። በአገጬ ወደ አፋፉ አመለከትኩ።

«እሷን አልነካትም» አልኩ።

እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጠው የመጀመሪያው ነው። ምን እንደሚልበት አልተማረም። ግራ አየ፤ ቀኝ አየ። ደጃፌ ላይ ከአጠገቤ ተቀመጠ። አንድ ጫማውን አወለቀና ዘቅዝቆ ውሃውን መሬት ላይ አፈሰሰው። ከዚያ ሁለተኛውን።